ተሻጋሪው ወንጀለኛ አይደለም



ቡሬ ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ሕግ የሚያወራ ሰው ሲሰማ ፈገግ የሚል አይጠፋም። እዚህ ቅርባችን ያለው ትልቁ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ወደ ነቀምት ስንወርድ በድልድይ እንሻገረዋለን። አገራችንም ወደብ ካጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሆኖም ሰው በባሕር ላይ ስላለው መብት በዓለም ላይ ከተጻፉት መዝገቦች ዋነኛ በሆነው በአንዱ ውስጥ ከማንም ሕዝብ በላይ የምንገኘው እኛ ነን። ዛሬ ከዚያ መዝገብ እጀምራለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ግራ እንዳይገባችሁ።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሊቢያ በጦርነት እየነደደች ሳለ አንዲት የላስቲክ ጀልባ ከትሪፖሊ ወደ ኢጣሊያ ተነሣች። የተሳፈሩት 72 ነበሩ፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። ከ72ቱ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የቀሩት ከናይጄሪያ፣ ከኤርትራ፣ ከጋናና ከሱዳን የመጡ ናቸው። አሻጋሪዎቹ ተጨማሪ ሰው ለመጫን ሲሉ ምግቡንና ውኃውን አብዛኛውን አውርደውባቸዋል። ማግስቱን ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ፣ በያዙት የሳተላይት ስልክ ሮም ለሚኖሩት ኤርትራዊ ካህን ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ። እሳቸውም ለኢጣሊያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አሳወቁ። ጠረፍ ጠባቂው ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ አውጥቶ በአካባቢው ላሉ መርከቦች ሁሉ መልእክት ለቀቀ፤ በዚያን ጊዜ ባሕሩን በጦር መርከቦች ሞልቶት ለነበረው ለኔቶም አሳወቀ። አንድ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር መጥቶ ውኃና ብስኩት በገመድ አወረደላቸው፤ ተመልሰን እንመጣለን ብሎ በምልክት ነገራቸውና ሄደ። አልተመለሰም። ነዳጁ አልቆ ጀልባዋ ማዕበሉ ወደወሰዳት መንሳፈፍ ጀመረች። ሰው በጥም ማለቅ ከጀመረ በኋላ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ በቅርብ ታያቸው፤ የሞቱ ሕፃናትን እያነሡ አሳዩ። መርከቡም ጥሏቸው ሄደ።

ከ15 ቀን በኋላ ማዕበሉ ጀልባዋን መልሶ ሊቢያ ጠረፍ ላይ ጣላት። በሕይወት የነበሩት 11 ናቸው። ከእነሱም ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። 63 ሰው አለቀ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያወቅነው የተረፉት 9 ሰዎች ስለተናገሩ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ ቲኔኬ ስትሪክ የተባሉ የኔዘርላንድስ ሴናተር አሠማርቶ በ2004 ዓ.ም. ሪፖርት አስወጣ። ሪፖርቱ ከየአቅጣጫው የጠፋውን ኃላፊነት አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ የሊቢያ የነፍስ አድን ቀጣና ባለቤት አልነበረውም፤ ኢጣሊያ መልእክት ልኬያለሁ ብላ ተቀመጠች፤ የጦር መርከቦች ባለቤት የሆኑት አገሮች እኔ አይደለሁም ተባባሉ። ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። ሕጉ ነበር፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው የሚል ታጣ እንጂ።

ሕጉ ምን ይላል? በ1975 ዓ.ም. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 98 እያንዳንዱ አገር ሰንደቅ ዓላማውን የሚያውለበልቡ መርከቦችን ካፒቴኖች እንዲህ ብሎ እንዲያዛቸው ያስገድዳል፤ የራስህን መርከብና ተሳፋሪ ከባድ አደጋ ላይ እስካልጣልህ ድረስ፣ ባሕር ላይ ሊጠፋ ያለን ማንኛውንም ሰው አድን። ማንኛውንም ሰው። ፓስፖርት አለህ ወይ፣ ከየት መጣህ፣ ለማን ከፈልህ የሚል ጥያቄ በአንቀጹ ውስጥ የለም። ከዚህ በፊት የነበረው የመርከበኞች ልማድም ይኸው ነበር። በ1971 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ የተፈረመው የነፍስ ፍለጋና የማዳን ስምምነት ደግሞ ባሕሩን በየቀጣናው ከፋፍሎ ለየአገሩ ኃላፊነት ሰጠ። መከፋፈሉ የታሰበው ሥራው እንዲቀላጠፍ ነበር፤ ይሁን እንጂ እንዳየነው አንዳንዴ ሰው የሚሞተው በሁለት ቀጣና ድንበር ላይ ነው።

ይህንን ያለፈ ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከላምፔዱሳ ደሴት በስተደቡብ ሌላ ጀልባ ሰምጦ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሶርያውያን ነበሩ። ወደ ኢጣሊያ ሲደውሉ "ያላችሁት በማልታ ቀጣና ነው፤ ወደ ማልታ ደውሉ" ተባሉ። አንድ የኢጣሊያ የጦር መርከብ ግን አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ርቀት ላይ ነበር። ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ቀርቦ፣ ኮሚቴው በጥር 2013 ዓ.ም. ኢጣሊያ የሰዎቹን በሕይወት የመኖር መብት አላስጠበቀችም ብሎ ወሰነ። ቦታው የኢጣሊያ ግዛት አልነበረም። እርዳታ የተለመነው ግን እሷ ነበረች፤ የመድረስ አቅምም ነበራት። ይህ ውሳኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰብአዊ መብት በአገር ድንበር ላይ አያልቅም ማለት ነውና።

ሌላው ውሳኔ የጎረቤቶቻችን ነው። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. የኢጣሊያ ባለሥልጣናት ከላምፔዱሳ በስተደቡብ 200 ያህል ሰዎችን ከጀልባ ላይ አንሥተው ወደ ራሳቸው የጦር መርከቦች ጫኗቸውና ወደ ትሪፖሊ መልሰው ለሊቢያ አስረከቧቸው። ማንም ስማቸውን አልጠየቀም፤ ማንም ለምን እንደ ተሰደዱ አልሰማቸውም። ከእነዚያ መካከል 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ኢጣሊያን በስትራስቡርግ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሂርሲ ጀማዕ በሚባለው ጉዳይ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኢጣሊያ ተሸንፋለች አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መርከብ የጫናቸው ሰዎች በዚያ አገር ሥልጣን ሥር ናቸው፤ ስለዚህ ስቃይ ወደሚጠብቃቸው ቦታ መመለስም ሆነ በጅምላ ማባረር አይቻልም።

አሁን ወደ እኛው ባሕር ልምጣ። ከሜድትራንያን ይልቅ ኢትዮጵያዊ በብዛት የሚሻገረው ከጅቡቲ ኦቦክ ተነሥቶ ባብ ኤል መንደብን ወደ የመን ነው፤ ወይም ከቦሳሶ ተነሥቶ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ነው። መጨረሻው ሳዑዲ ነው። ይህን መንገድ ከአማራ ክልል ይበልጥ የሚያውቀው የወሎ ልጅ ነው፤ የራያ ቆቦ፣ የሐብሩ፣ የከሚሴ። የጎጃም ልጅ ለብዙ ዘመን የለመደው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ መውረድን ነው፤ ከመተማም ሱዳን፣ ከሱዳንም ሊቢያ ይቀጥላል። አሁን ግን ሱዳን ራሷ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት። የእኛም ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለበትን ሁኔታ እዚህ ላላችሁት መንገር አያስፈልገኝም። መንገድ ሲዘጋ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ደላላውም ከእሱ ቀድሞ ያገኘዋል።

በነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ የሆነውን የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ሠራተኞች ከተረፉት ሰምተው መዝግበውታል። 120 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ተጭነው ነበር፤ አማካይ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ ነው። ጀልባ ነጂዎቹ ጠረፉ ላይ የመንግሥት ሰዎች የመሰሉ አዩና እንዳይያዙ ፈርተው ልጆቹን በኃይል ወደ ባሕር ጣሏቸው። 50 የሚሆኑት እንደ ሰመጡ ተገመተ። በማግስቱ እዚያው ጠረፍ ሌላ ጀልባ 180 ሰዎችን እንዲሁ ወደ ባሕር ጣለ። ከሰባት ዓመት በኋላ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ 310 ሰዎች ኮር አንጋር አጠገብ ገና መሬት ሳይደርሱ ውረዱና ዋኙ ተባሉ፤ ከ40 በላይ ሞቱ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአቢየን ጠረፍ አጠገብ የሰመጠችው ጀልባ የጫነችው በአብዛኛው ኢትዮጵያውያንን ነበር፤ ብዙዎቹም አስከሬናቸው ነው የወጣው።

እነዚህን አደጋዎች አንድ ላይ ስታዩአቸው አንድ ነገር ይደጋገማል። ሰው ከሚሰምጥበት ምክንያት አንዱ ማዕበል ነው፤ ሌላው ግን ጀልባ ነጂው ከመያዝ ለማምለጥ ጭነቱን ማራገፉ ነው። እሱ የሚፈራው እስራትንና ጀልባውን መነጠቅን ነው። ጠረፍ ጥበቃው በጠነከረ ቁጥር ሰው ከመሬት ርቆ ይወርዳል። መንግሥታት ቁጥጥር አጠናከርን ሲሉ የምንደሰት ሰዎች ይህንን ማሰብ አለብን። ሕጉም ይህን አስቦበታል። በኅዳር 1993 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው፣ በጥር 1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፣ ኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የተቀበለችው ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከለክለው ፕሮቶኮል ሰንደቅ ዓላማ የሌለውን፣ በዚህ ንግድ የሚጠረጠርን ጀልባ አስቁሞ መፈተሽን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 9 ግን ወዲያው ይጨምራል፤ ያስቆመ አገር በጀልባው ላይ ያሉትን ሰዎች ደኅንነትና ሰብአዊ አያያዝ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ጀልባ ማሳደድ የሚባለው ሥራ ነፍስ ማዳንን አብሮ ካልያዘ የራሱን ሕግ ጥሷል።

የዚሁ ፕሮቶኮል አንቀጽ 5 ለዛሬው ንግግሬ ርእስ ሰጥቶኛል። የተሻገረ ሰው በመሻገሩ ብቻ በፕሮቶኮሉ መሠረት በወንጀል አይጠየቅም። በእርግጥ የገባበት አገር ያለ ፈቃድ ስለገባህ ብሎ በራሱ ሕግ ሊቀጣው ይችላል፤ ስደተኛ ሆኖ ከሞት የሸሸን ሰው ደግሞ የ1943ቱ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 31 ከዚህም ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ ከቤታችን የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ በ1961 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት። በፖለቲካ የተሳደደውን ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ያናጋ ነገር ከቀዬው ያስወጣውንም ስደተኛ ይለዋል። ሱዳንም አባል ናት። ከዚህ ዞን በተኩስ ምክንያት ወጥቶ መተማን የተሻገረ ልጅ ሥራ ፈላጊ ነው ተብሎ ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

ወንጀለኛው ማን ነው ታዲያ? ፕሮቶኮሉ የሚለው ይህ ነው፤ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት ሲል ሰው ዜጋው ወይም ነዋሪው ወዳልሆነበት አገር በሕገ ወጥ መንገድ እንዲገባ ያደረገ። ጥቅም ለማግኘት የሚለው ቃል ከባድ ነው። ወንድሙን በርታ ብሎ ሸኝቶ ስንቅ የቋጠረለት አሻጋሪ አይደለም። ልጇን ለማስለቀቅ በሬ ሸጣ ገንዘብ የላከች እናት አሻጋሪ አይደለችም። ቀበሌ ውስጥ ልጆችን እየመለመለ በነፍስ ወከፍ ኮሚሽን የሚቀበለው ሰው ግን ነው፤ ባሕሩን በዓይኑ ባያየውም ነው። በየሰፈራችን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ከሳዑዲ ተባሮ ባዶ እጁን የተመለሰውን ልጅ እናሽሟጥጠዋለን፤ የላከውን ደላላ ግን በሠርግ በክርስትና ከፊት እናስቀምጠዋለን። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስረዳት አለብኝ፤ ብዙ የፍርድ ቤት ጉዳይ የሚበላሽበት ስለሆነ። ሰው ወዶ ከፍሎ ሲሻገር ድንበር ማሻገር ነው። መንገድ ላይ ታግቶ፣ ተገርፎ፣ ለቤተሰቡ ተደውሎ ገንዘብ ሲጠየቅበት፣ ወይም በጉልበቱ ወይም በገላዋ ሲነገድ ነገሩ በሰው መነገድ ይሆናል። በየመን ራስ አል አራ፣ በሊቢያ በኒ ወሊድ የሆነው ይኸው ነው። በኦቦኩ መስመር ደግሞ "ስትደርስ ትከፍላለህ" የሚል ዱቤ አለ፤ ልጁ ምንም ሳይከፍል ይነሣና ወዲያ ማዶ ሲደርስ ዕዳው እስር ቤቱ ይሆናል። መጀመሪያ እሺ ብሏልና ተስማምቷል የሚል ጠበቃ አይጠፋም። በዓለም አቀፉ ሕግ ግን ማታለል፣ ማስገደድ ወይም ማገት በገባበት የመጀመሪያው እሺታ ዋጋ የለውም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1178/2012፣ ከእሱ በፊት የነበረው 909/2007ም፣ ሁለቱን ወንጀሎች ለየብቻ ነው የሚያዩት።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። በበኒ ወሊድ ስማቸው ያስፈራ የነበሩ ሁለት ኤርትራውያን፣ ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያምና ዋሊድ በመባል የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም፣ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተያዙ። ኪዳነ የተያዘው ቀድሞ በእሱ እጅ ታግቶ የነበረ ወጣት መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ ስለጠቆመ ነው። ከዚያ ኢትዮጵያውያን ታጋቾች ፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩባቸው። ዋሊድ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላም ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ኪዳነ ፍርዱ ሳይሰጥ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ማምለጡ ያሳፍራል፤ ያንን አልሸፍንም። የተረፉ ሰዎች ባይናገሩ ኖሮ ግን መያዝ የሚባል ነገርም አይኖርም ነበር።

ወጣቶች "አገር መውጣት መብታችን አይደለም ወይ?" ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መብታችሁ ነው። የ1941ዱ ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 13፣ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 32 ማንም ሰው በፈለገ ጊዜ አገሩን ትቶ የመውጣት መብት እንዳለው ይደነግጋሉ። ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ ሌላ አገር የመግባት መብት በዓለም ላይ ለማንም አልተሰጠም። መውጣት መብት፣ መግባት ግን የሌላው ፈቃድ። አሻጋሪ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን መውጫውን በመዝጋት ብቻ ለማጥፋት ሞክረናል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ መንግሥታችን ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት በቦሌ የሚሄደው ሲዘጋበት በኦቦክ የሚሄደው በዛ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 ሕጋዊ መንገድ ቢከፍትም ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀን አላስገባም አለ፤ ከገጠር ቀበሌ ለሚነሣ ልጅ ይህ በር መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ነበር። በእኔ እምነት ሕጋዊውን መንገድ ማስፋት ከየትኛውም የጠረፍ ጀልባ የበለጠ አሻጋሪን ያደኸያል።

ሥራ እዚሁ ቢኖርስ? የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የዘይት ፋብሪካው፣ በቆሎና በርበሬ የሚያበቅለው ይህ መሬት ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነው። ተስፋው ሰላም ይፈልጋል፤ ሰላም ሲገኝም ወጣቱ የሚታረስ መሬት ይፈልጋል፤ አባቱ ያለችውን ጥማድ ለስንት ልጅ ያካፍላት? ፕሮቶኮሉ ራሱ አንቀጽ 15 ላይ መንግሥታት የስደትን ኢኮኖሚያዊ ሥሮች እንዲያዩ ያሳስባል። ይህ አንቀጽ ግን ብዙም ሲጠቀስ አንሰማም።

ስለ ሳዑዲ ድንበር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አይገባም። ባሕሩን የተሻገረ ልጅ የየመንን ጦርነት አልፎ ሰሜኑ ተራራ ላይ ሲደርስ የሚጠብቀውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ባወጣው ሪፖርት አጋልጦታል፤ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በከባድ መሣሪያ ጭምር ገድለዋል ይላል። ሳዑዲ አስተባብላለች። ድንበር ጥሶ ለመግባት የትኛውም ሕግ እንዲህ ያለ የሞት ቅጣት አይፈቅድም። መንግሥታችን ከሳዑዲ ጋር ስለ ተመላሾች እንደሚነጋገር ሁሉ ስለተገደሉትም ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ ፕሮቶኮሉ የተያዙ ዜጎች ከቆንስላቸው ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ሲጽፍ፣ ቆንስላው ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ አልነበረም።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ተይዞ "ገንዘብ ላኩ" ሲባል የምትልኩበት የባንክ ሒሳብ ብዙ ጊዜ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ ነው፤ የሒሳቡ ባለቤት ስም አለው። ደረሰኙን አትቅደዱት። የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ደላላው ማን እንደሆነ ጻፉት፤ ማንበብና መጻፍ የማትችሉ ለልጆቻችሁ አስጽፉት። ልጁ ከተመለሰም ከሞተም ያንን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂዱ። እኛም እንጠየቃለን ብላችሁ አትፍሩ፤ የከፈላችሁት ተገዳችሁ ነው፤ በሕግ ፊት ተበዳዮች ናችሁ። ሄዳችሁ የሚቀበላችሁ ካጣችሁ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ በክፍያ አይደለም።